ሦስቱ ብልቃጦችና አርባ አንዱ እግዚኦታ

ይህን ጽሑፍ የሚያትም አዘጋጅ እንደሌለ እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ማንንም ደስ ለማሰኘት አልጨነቅም። የምጽፈው ደብረ ታቦርን አይቶ ለማያውቅና ምናልባትም ለማያያት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። እስካለፈው ኅዳር ድረስ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ከፒያሳ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ በካርታ ላይ የተሣለ ይመስለኝ ነበር።

የጉዞው ምክንያት አንድ ድርሰት ነው። ስለ ቫይረሶች ጽፌ ለአንድ መጽሔት ሰጥቼ ነበር። ቫይረስ ማለት፣ በአጭሩ፣ «ገልብጡኝ» ከሚል ትእዛዝ በቀር ብዙ ቁም ነገር የሌለው ጽሑፍ ነው። የራሱ ጸሐፊ የለውም፤ ሰው ቤት ገብቶ የባለቤቱን ጸሐፊ ያሠራል። ጽሑፉ አራት ፊደል ብቻ ነው ያለው። የፈንጣጣ ወገን በሆኑት ቫይረሶች ላይ ደግሞ በጽሑፉ ሁለት ጫፎች አንዲት አጭር ቃል ተደጋግማ ትገኛለች፤ ያቺው ቃል፣ ያለ ነጥብ ያለ ዕረፍት፣ በአንዱ ዘር ጥቂት ጊዜ በሌላው ብዙ ጊዜ። ለምን እንደምትደጋገም ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። እኔን የማረከኝም ይኸው ነበር።

አዘጋጁ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ መለሰልኝ።

«አንዲት ቃል እየደጋገመ የሚራባ፣ ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን የሚያዝዝ፤ ይህ ማንን ለማለት ነው?» አለኝ።

«ቫይረስን።»

«እኔማ ገባኝ። ሌላው በሌላ መንገድ እንዳይገባው ነው የምፈራው።»

ርእሱን ቀይሬ ሁለተኛ ሰጠሁት። እስክሪብቶው አልተቀየረም።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሰናይት ደብዳቤ ላከችልኝ። ሰናይት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ደብረ ታቦር ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ጉና ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል» ይላል ደብዳቤው። «አመጣብን የሚሉት እንድሪስ የሚባል በግ ነጋዴን ነው። የገበሬ ማኅበሩ በጎቹን በሙሉ አርዶ ሊቀብርበት፣ እሱንም ለሁልጊዜው ከገበያ ሊያግደው ነው። እኔ ከታመሙት በጎች ቅርፊት ወስጄ ላስመርምር፣ በሽታው ከማን ወደ ማን እንደሄደ ምናልባት ይለያል እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። አንተ ስለዚሁ ጉዳይ ስትጽፍ አልነበር? ናና አስረዳልኝ። ስትመለስም ቅርፊቱን ለአስተማሪዬ ታደርስልኛለህ፤ ውጭ አገር የሚያስመረምረው እሱ ነው።»

አዲስ አበባ ያልሰማኝን ነገር ጉና ሥር ሄጄ ልናገር ነው ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ትኬት ቆረጥኩ።

አንደኛው ቀን

ከመርካቶ ስንነሣ ገና አልነጋም ነበር። የቀበሌዬ የይለፍ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ የጉዞ ምክንያት በሚለው ቦታ «ዘመድ ጥየቃ» ተብሎ ተሞልቷል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ስትነቃ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አጥንትህ ግን ይቆረቁራል» አለችኝ።

ዐባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ ነበር። አንድ ጠባቂ ቦርሳዬን በረበረና የማስታወሻ ወረቀቶቼን አወጣ። እላዩ ላይ የዚያችን ተደጋጋሚ ቃል ምሳሌ ጽፌ ነበር። አ ቲ ቲ ሲ አ፣ አ ቲ ቲ ሲ አ፣ እያለ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል።

«ይኼ ምን ቋንቋ ነው?»

«የቫይረስ ነው።»

«ማነው እሱ? የት ነው የሚሠራው?»

«በግ ላይ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣው፣ ገለበጠው፣ አሸተተው። የምስጢር ጽሑፍ መስሎታል። ከዚያ ከነመሣሪያው አጠገቤ ቆሞ «እስቲ ያንብቡት» አለኝ። እዚያ የዐባይ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ፣ ገጹን ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። ስምንተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሰለቸው። «በቃ! በቃ! ይለፉ» አለ። መደጋገም ሰውን ከፍተሻ እንደሚያሳልፍ ያን ጊዜ ተማርኩ፤ ቫይረሱም ይህንን ሳያውቅ አይቀርም።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት አልጋ መሐሉ ጎድጓዳ ስለነበር ሌሊቱን እንደ ጀልባ ሆኜ አሳለፍኩት። ሽሮው ግን ከአዲስ አበባው ይበልጣል፤ ይህን ስናገር የሰፈሬ ሰዎች አይወዱልኝም።

ሁለተኛው ቀን

ባሕር ዳር ደረስን፤ ሞቃት ነው፤ ዓሣ በላሁ። ስለ ሐይቁ የጻፈ ስለሚበዛ እኔ አልጨምርም።

ሦስተኛው ቀን

ከባሕር ዳር የተነሣው አውቶቡስ ሐሙሲት ሲደርስ ራዲያተሩ እንደ ጀበና ገነፈለ። ሾፌሩ ወርዶ አየና ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ነገ ይሆናል አለን። አዲስ አበባ ቢሆን ተሳፋሪው ሾፌሩን ሊበላው ነበር። እዚህ ግን አንድ ሽማግሌ «እሱ ምን ያድርግ፤ የሚፈላው እሱ አይደል» አሉና ሁሉም ሳቀ።

አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ሰው ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ረጅም፣ ጉልበቱን እያሸ የሚናገር ነው። «እንግዲያውስ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ቅርብ ነው፤ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ ሐሳብ ያለው ሐሳቡን ይታጠባል» አለኝ። በጭነት መኪና ላይ ተፈናጥጠን ሄድን። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ሸሚዜን ፍየል እየበላችው አገኘኋት፤ አንደኛው እጅጌ ሄዷል። ሰውዬው ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ ጋቢውን አለበሰኝ፤ ዳቦውንም ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። ምሽቱን እሱ መሬት ላይ ተኝቶ እኔን ሰሌኑ ላይ አስተኛኝ። እንቢ ስለው «እንግዳ ነዎት» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም።

ደብረ ታቦር ለምን እንደምሄድ ስነግረው ጉልበቱን ማሸቱን ተወ። «እንድሪስ እኔ ነኝ» አለኝ።

ከባሕር ዳር የሚመለሰው አቤት ብሎ ነው። «ከታች ወደ ላይ ላኩኝ፣ ከላይ ወደ ታች መለሱኝ» አለ። «በጎቹን ከይፋግ ነው የገዛኋቸው። ሁለቱ ታመዋል፤ አልክድም። ግን ጌታዬ፣ የቀበሌው ሰዎች በጎች የታመሙት በኔ ምክንያት ይሁን አይሁን እኔ ራሴ አላውቅም። ሆኜ ከተገኘሁ ልቀጣ፤ ከገበያውም ልውጣ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው በልቻለሁ፤ ለቅሷቸው ላይ ቆሜያለሁ። ሳይጣራ አመጣብን ብለው ካባረሩኝ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ልጄም የልጅ ልጄም ‹በሽታ ያመጣው ሰው ልጅ› እየተባለ ይኖራል።»

ወረቀቴን አውጥቼ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። 

አራተኛው ቀን

አውቶቡሱ ተጠግኖ በወረታ በኩል ወደ ላይ ወጣን። ደብረ ታቦር ስንገባ ብርዱ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ በር ላይ ተቀበለኝ። የአዲስ አበባን ብርድ እናውቃለን የምንል ሰዎች አናውቅም፤ የእኛ ብርድ ትንሽ አቃጥሎ ይለቃል፣ ይኼኛው ተቀምጦ ይጨዋወታል።

ሰናይት የምትኖረው እማሆይ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። በትልቅ ሰሐን የተቀቀለ ድንችና አዋዜ አቀረቡልኝ። ስምንት በልቼ ይበቃኛል ስል «ምነው? ታመዋል እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ሰናይት «ጋሼ፣ ብላ እንጂ» ስትለኝ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ። «አጎትሽን አንተ? ሐኪም አደረጉሽ እንጂ አላሳደጉሽም!» አሏት። ከዚያ በኋላ እማሆይ ባሉበት ሁሉ ሰናይት አንቱ ትለኝ ጀመር፤ እማሆይ ወጣ ሲሉ ምላሷን ታወጣብኛለች።

ከድንቹ በኋላ ሰናይት ሦስት ትንንሽ የላስቲክ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። «አንዱ ለእንድሪስ በጎች፣ አንዱ ለገበሬዎቹ በጎች ነው» አለች።

«ሦስተኛውስ?»

«ማኅበሩ አንድ አውራ በግ አለው፤ ለማዳቀያ ብለው ከመንግሥት ያመጡላቸው። ጆሮው ሥር ቅርፊት አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ አላስነካም ብሏል። ነገ በስብሰባው ፊት እጠይቃለሁ። እንቢ ካለና የእንድሪስን በጎችም ካረደ፣ ማስረጃው አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።»

አምስተኛው ቀን

ወደ ቀበሌይቱ በእግር ወጣን። የገብሱ አጨዳ ደርሷል። ሰናይት እንደ ፍየል ትወጣለች፤ እኔ በየመቶ እርምጃው ገብሱን የማደንቅ እየመሰልኩ ቆሜ እተነፍሳለሁ። አንድ አጫጅ ታዘበኝና «ገብሱ ጥሩ ነው ጌታዬ፤ ወደ ላይ ደግሞ ይብሳል» አለኝ።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥድ ሥር ነበር። በመፈክር ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ጓድ አበጀ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ፣ አንድ ጊዜ ይላል፤ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ይደግማል። እጅም ወደ ላይ ይነሣል። የእኔ ድፍረት በብዕር ነው፤ እጄ ግን ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው» አለ ጓድ አበጀ። «በሽታው የታየው እንድሪስ ከይፋግ በጎቹን ባስገባ ሰሞን ነው። በጎቹ ይታረዱ፣ ይቀበሩ። እሱም ከዚህ ገበያ ይታገድ።»

አያ እንድሪስ (ሰዉ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው) ከጥዱ ማዶ ብቻውን ተቀምጧል። ሰናይት እንድናገር ገፋችኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ስለ ዘር ጽሑፍ፣ ስለ አራቱ ፊደላት፣ ስለ ጫፎቹ፤ ሩብ ሰዓት ያህል። ስጨርስ አንድ ገበሬ እጁን አነሣ።

«ጌታዬ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በበጉ ቆዳ ላይ ነው?»

«አይደለም፤ በቫይረሱ ውስጥ ነው።»

«ቫይረሱስ የት ነው?»

«በዐይን አይታይም።»

«እንግዲህ የማይታይ መጽሐፍ ውስጥ የማይታይ ጽሑፍ አለ ነው የሚሉን። ደግ።»

ጥዱ ሥር ሳቁ አስተጋባ። አያ እንድሪስ እንኳ ፈገግ አለ፤ ይኼ ነው ያሳፈረኝ።

ከዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ መቃ ብዕር በሰንጢ እየቀረጹ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ መጽሐፍ በእጃቸው የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የቀበሌው ሰው ሲታመም አንገቱ ላይ የሚያስረውን ክታብ የሚጽፉለት እሳቸው ናቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ልጄ» አሏት ሰናይትን፤ «ያች ቃል ስንት ጊዜ ትደገማለች?»

«እንደ ዘሩ ነው መሪጌታ። በአንዱ አሥር፣ በሌላው ሃያ ሊሆን ይችላል።»

«የሚገለብጠው ለምን ይስታል?»

«ቃሎቹ አንድ ዐይነት ስለሆኑ የደረሰበት ቦታ ይጠፋዋል። አንዱን ይዘላል፣ ወይም አንዱን ይደግማል።»

«ዐይን ይዘላላ!» አሉ መሪጌታ፤ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ ይህ እንግዳ የተናገረው እውነት ነው፤ ክፋቱ አነጋገሩ ነው። እኔ ክታብ ስጽፍ በመጨረሻ አርባ አንድ እግዚኦታ እጽፋለሁ። እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን ሲጽፉ አንቀላፉ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጽፈው ተዉ። እኔም ከሳቸው ስገለብጥ ሠላሳ ዘጠኙን ገለበጥሁ። ሁለት ብጨምር መምህሬን የነቀፍሁ መሰለኝ። የማዶው ደብር ጸሐፊዎች ግን አርባ አንዱን ሞልተው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ከማንም አንገት የወረደ ክታብ አምጡልኝ። የባለቤቱን ስም ሳላይ፣ እግዚኦታውን ብቻ ቆጥሬ፣ ከኛ ወገን ይሁን ከማዶው እነግራችኋለሁ። ልጅቱ የምትለው ይኼንን ነው። ቅርፊቱን ትልካለች፤ የሚያነቡ ሰዎች ይቆጥራሉ፤ የእንድሪስ በጎችና የናንተ በጎች ከአንድ መጽሐፍ ተገልብጠው እንደሆነ ይታወቃል።»

ጥዱ ሥር ያለው ሰው «ይኸማ ገባን» ተባባለ።  ሩብ ሰዓት የለፋሁበት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ጓድ አበጀ ግን ሞኝ አይደለም። «ተማሪዎ ሲገለብጥ አንድ ቢጨምርስ? ቁጥሩ ውሸት አይሆንም?»

«ይጨምራል። ይቀንሳልም። አሥር ግን አይጨምርም።»

«እውነቱን ነው» አለች ሰናይት። «ለዚህ ነው በአንድ ቁጥር ብቻ የማይፈረደው፤ ሌላ ሌላ ቦታም ይተያያል። ግን ሦስት ብልቃጥ ያስፈልገኛል። ሦስተኛው ከማኅበሩ አውራ በግ።»

«አውራው ከመንግሥት የተሰጠ ነው! አይነካም!»

«ከኔ በጎች በፊት የታመመው እሱ ነው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «እንድሪስ ከይፋግ ሳይመጣ። ጆሮው ሥር አይቼ ተናግሬ ነበር፤ ዝም በይ ተባልሁ።»

ጓድ አበጀ ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ አድኅሮት ነው! ሳይንስን ከክታብ ጋር እያደባለቃችሁ ሕዝብ ልታሳስቱ! ክታብ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ማኅበሩ በክታብ አይመራም!»

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«መልካም። እንግዲያው ክታብ ያሰረ ሁሉ አሁን ያውርድ፤ ቆጥረን እዚሁ እናቃጥለው። የጻፍሁላቸውን ሰዎች ሁሉ አውቃለሁ። ከማን ልጀምር፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

የጓድ አበጀ ቀኝ እጅ ወደ ካኪው አንገት ሄደች። የተቆለፈ መሆኑን ዳሰሰች፤ እዚያው ቀረች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። መላው ስብሰባ ያቺን እጅ አየ።  

«ሦስቱም ይወሰድ» አለ በመጨረሻ። «መልስ እስኪመጣ የእንድሪስ በጎች ከሌላው ተለይተው ይቆዩ።»

ሰናይት ቅርፊቶቹን እየላጠች በየብልቃጡ ስታስገባ አውራውን ቀንዱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ረገጠኝ፤ የመንግሥት በግ መሆኑ ያስታውቃል። አያ እንድሪስ መጥቶ ኋላ እግሮቹን ያዘልኝ። 

ቁልቁል ስንወርድ ከመሪጌታ ጋር ትንሽ መንገድ አብረን ሄድን። መጠየቄ አልቀረም።

«መሪጌታ፣ እውነት ሊቀመንበሩ ክታብ አለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሰው ደረት ገልጬ አላይም» አሉ። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ቆሙ። «ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አሉኝ።

ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን

ብልቃጦቹን በጥጥ ጠቅልዬ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። እማሆይ ጥሩነሽ በላዩ ላይ ድንች ሊጨምሩበት ሲሉ ሰናይት ጮኸች። ዐባይ ድልድይ ላይ ያው ጠባቂ አገኘኝ። «አ ቲ ቲ! መጡ እንዴ!» አለ እየሳቀ። ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ የበሽተኛ በግ ቅርፊት ነው አልኩት። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ በእጁ እለፍ አለኝ። በሕይወቴ ከመንግሥት እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቼ አላውቅም።

ብልቃጦቹ ለሰናይት አስተማሪ ደረሱ። ከዚያ ወራት አለፉ። ሰናይት በየደብዳቤዋ መጨረሻ «አያ እንድሪስ መልሱ መጣ ወይ ይላል» እያለች ትጽፍ ነበር፤ እኔም በየመልሴ «አልመጣም» እያልኩ።

በሚያዝያ መጣ። የእንድሪስ በጎች ፈንጣጣ አንድ ነው፤ የገበሬዎቹ ሌላ ነው። በጫፎቹ ያለው ድግግሞሽም፣ የተተያየው ሌላ ቦታም አይገጥምም። የገበሬዎቹና የአውራው በግ ግን በሁሉም ቦታ ይገጥማል። መርማሪዎቹ በጥንቃቄ ነው የጻፉት፤ «የአንድ ምንጭ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። በመሪጌታ ቋንቋ፣ ከአንድ መጽሐፍ ተገልብጠዋል።

የሆነውን ሰናይት ጽፋልኛለች። ሰዉ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ጓድ አበጀ ወረቀቱን አንድ ጊዜ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወደ መሬት እያየ አነበበው። ሊያጥፈው ሲል መሪጌታ ላቀው እጃቸውን አነሡ።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ። ይደገም።»

ሁለተኛ አነበበው። ያን ጊዜ ከኋላ ያቺ ሴት «ይደገም!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ሰዎቹ ለስንት ዓመት ሦስት ጊዜ መድገም የተማሩት ከማን ሆነና! ሦስተኛውን አንብቦ ሲጨርስ፣ አራተኛ የሚጠይቅ ድምፅ ሲነሣ፣ አያ እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሣ። «በቃ፣ ተዉት» አለ። «ሰምተናል። እሱም ሰምቷል።» ከዚያ አቧራውን ከልብሱ አራግፎ ወደ ገበያው ወረደ፤ ቅዳሜ ነበር።

ደብዳቤውን ያነበብኩ ዕለት ድርሰቴን ከመሳቢያ አወጣሁ። አንድም ቃል አልቀየርኩም፤ ርእሱንም መጀመሪያ ወደነበረበት መለስኩት። ወስጄ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይኼ ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት። «ሦስተኛው ነው። እስከ አርባ አንድ ገና ነን።»